ሾር ፓወር ተሰክቶ ባትሪው ለምን ይሞታል? የጀልባን መብራት ከዶክ እስከ ባትሪ መረዳት

«ገመዱ ተሰክቷል። ሶኬቱ ይሠራል፤ ማታ ቡና ሁሉ አፍልተንበታል። ጠዋት ግን ሞተሩ አልነሳም አለ። ባትሪው ጭጭ ብሏል። እንዴት ሊሆን ይችላል?»

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ በስልክም፣ ዶክ (ጀልባ የሚታሰርበት መድረክ) ላይ ቆመንም። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈው። እኔ ያለሁት ሲያትል ነው፤ ጀልባዬ የምትቆመው ሌክ ዩኒየን ላይ ነው። ሾር ፓወር ማለት ጀልባው ቆሞ እያለ በገመድ ከዳርቻው የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቁጥሮቹ በአሜሪካ በብዛት ለሚገኘው 120 ቮልት፣ 30 አምፒር ሾር ፓወር ናቸው። አውሮፓ ያላችሁ ብዙውን ጊዜ 230 ቮልት፣ 16 አምፒር፣ ሰማያዊ ስፒና ነው የምታገኙት። የቁጥሩ ስሌት ይለያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

መጀመሪያ ይህን ያዙ

ጀልባ ውስጥ ያለው መብራት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው።

አንደኛው ኤሲ ነው። ዶኩ ላይ ካለው ምሰሶ ይነሳል፤ በወፍራሙ ቢጫ ገመድ ይመጣል፤ በዋናው ብሬከር አልፎ ወደ ሶኬቶች፣ ወደ ውሃ ማሞቂያው፣ ወደ ማይክሮዌቩና ወደ ባትሪ ቻርጀሩ ይከፋፈላል። ሁለተኛው ዲሲ ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ተነስቶ የውስጥ መብራቶችን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ፍሪጁን፣ ሬዲዮውን፣ ከጀልባው ሆድ ውሃ የሚተፋውን ቢልጅ ፓምፕና የሞተሩን ማስነሻ ያንቀሳቅሳል።

በብዙ ጀልባዎች ላይ ሁለቱ የሚገናኙት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ቻርጀሩ ላይ። ቤታችሁ መብራት አለ ማለት ስልካችሁ ቻርጅ እየሆነ ነው ማለት አይደለም፤ ስልኩ ቻርጀር ላይ መሰካት አለበት። የጀልባውም ባትሪ እንደዚያው ነው። ሶኬቱ ሠራ ማለት ስለ ባትሪው ምንም አይነግራችሁም።

የሽቦ ቀለምም እወቁ። በአሜሪካ ኤሲ ላይ ጥቁሩ ፌዝ (ከረንቱን የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው)፣ አረንጓዴው ግራውንድ (ለደህንነት የተዘረጋው) ነው። ዲሲ ላይ ቀዩ ፖዘቲቭ ነው፤ ኔጋቲቩ ግን ቢጫ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ልብ በሉ፦ በአንድ ጀልባ ውስጥ አንዱ ጥቁር ሽቦ ምንም የማይነዝር የባትሪ ኔጋቲቭ ነው፤ ሌላው ጥቁር ሽቦ 120 ቮልት የተሸከመ ፌዝ ነው። በቀለም ብቻ ተማምናችሁ ምንም ሽቦ አትንኩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለጀልባ የተሠራ 30 አምፒር የሾር ፓወር ገመድ
- መልቲሜትር (ቮልትና ከረንት የሚለካ መሣሪያ)
- ሦስት ትንንሽ መብራት ያላት፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ መፈተሻ፤ ርካሽ ናት፣ ሃርድዌር መደብር ትገኛለች
- ሚሊአምፒር ማንበብ የሚችል ክላምፕ ሜትር (ገመድን ከውጭ ከብቦ ከረንት የሚለካ)፤ ባይኖራችሁ ከጎረቤት ተዋሱ
- በራስ ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ ጨርቅ
- ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ካላችሁ፣ የተጣራ የባትሪ ውሃ
- ማስታወሻ ደብተር፤ ዛሬ የምታነቡትን ቁጥር ከሦስት ወር በኋላ ትፈልጉታላችሁ

ማስጠንቀቂያ

ሾር ፓወር ባለበት ማሪና (የጀልባ ማቆሚያ ወደብ) ውስጥ በፍጹም አትዋኙ፤ ልጆችም እግራቸውን ውሃ ውስጥ አይንከሩ። ከአንድ ጀልባ ወደ ውሃው የሚያፈስ ኤሲ ካለ፣ ዋናተኛውን ጡንቻው እንዳይታዘዘው አድርጎ ያሰምጠዋል። ለዚህ 15 ሚሊአምፒር አካባቢ ሊበቃ ይችላል። ጨው በሌለው ውሃ አደጋው የባሰ ነው፤ ከውሃው ይልቅ የሰው ገላ ከረንት በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ ከረንቱ በሰውየው በኩል ያልፋል። የባሕሩን ውሃ ከሐይቁ ከሚለየው የባላርድ ሎክስ በር ወዲህ ያለው ሌክ ዩኒየን እንዲህ ያለ ውሃ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ሲቸገር ካያችሁ ተከትላችሁ አትዝለሉ። የምሰሶዎቹን ብሬከር አጥፉ፣ ተንሳፋፊ ነገር ወርውሩለት፣ 911 ደውሉ።

የብሬከሩን ሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት ገመዱን ከምሰሶው ንቀሉ። የጀልባውን ዋና ብሬከር ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ገመዱ ከሚገባበት እስከ ብሬከሩ ያለው ሽቦ አሁንም 120 ቮልት አለው።

ባትሪው አጠገብ ስትሠሩ ቀለበትና የብረት ሰዓት አውልቁ። 12 ቮልት አይነዝርም፤ ግን ሁለቱን ጫፍ ያገናኘ ብረት በቅጽበት ይግላል። ባትሪው የተቀመጠበትን ቦታ ክዳንም ክፈቱት፤ ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

ቅደም ተከተሉ

1. ሁሉንም አጥፉ። ከመሰካታችሁ በፊት የጀልባውን ዋና የኤሲ ብሬከርና ቅርንጫፎቹን በሙሉ አውርዱ፤ የምሰሶውንም አጥፉ። ዕቃ እየሠራ ስፒና ሲሰካ ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታው የስፒናውን ብረት ይበላዋል፤ የተበላ ብረት በደንብ አይነካካም፤ በደንብ ያልተነካካ ብረት ይግላል። ብዙ የጀልባ እሳት የሚነሳው ከዚህች ነጥብ ነው።

2. የገመዱን ሁለት ጫፎች በእጅ ባትሪ እዩ። ባለፈው አንድ ወዳጄ ያመጣልኝ ገመድ ከሩቅ አዲስ ይመስል ነበር። ጫፉን ወደ ብርሃን ሳዞረው፣ ከሦስቱ ቀዳዳዎች በአንደኛው ዙሪያ ፕላስቲኩ የተጠበሰ ሽንኩርት ቀለም ይዟል። ሳሸተው የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። እንዲህ ያለ ገመድ አይጠገንም፣ ይጣላል። ጀልባው ላይ ያለውን መግቢያም እዩት። ጥንዱ አብሮ ስለሚበላሽ፣ አዲሱን ገመድ በተቃጠለው መግቢያ ላይ ከሰካችሁት አዲሱም ይቃጠላል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው የጀልባው ጫፍ ነው፤ ጀልባ ስለሚወዛወዝ መያዣው ቀስ በቀስ ይላላል።

3. መጀመሪያ ጀልባው ላይ፣ ከዚያ ምሰሶው ላይ ሰኩ። የተገላቢጦሹን ካደረጋችሁ፣ ውሃ ላይ እየተራመዳችሁ በእጃችሁ የያዛችሁት ጫፍ ከረንት ያለው ሊሆን ይችላል። ስፒናውን አስገብታችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ፤ እስኪቆለፍ ድረስ። ከዚያ የፕላስቲክ ቀለበቱን አጥብቁ። ቀለበቱ ለጌጥ አይደለም፤ ውሃ እንዳይገባና ስፒናው እንዳይወዛወዝ ያደርጋል። ገመዱ ውሃ ውስጥ እንዳይነከር፣ እንዳይወጠርም አድርጋችሁ እሰሩት።

4. የምሰሶውን ብሬከር አብሩ፤ የጀልባውን ገና አትንኩት። አሁን የኤሲ ሰሌዳውን እዩ። ቀይ የተገላቢጦሽ ምልክት መብራት ከበራ ፌዙና ኒውትራሉ ተቀያይረዋል ማለት ነው። ዕቃው ይሠራል፤ አታላይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የቅርንጫፍ ብሬከር ሲወርድ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ስለሚሆን «ያጠፋችሁት» ዕቃ ውስጥ ከረንቱ እንዳለ ይቀራል። ንቀሉና ለማሪናው ንገሩ። ቮልት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ 120 አካባቢ ማንበብ አለበት። ከ108 በታች ከወረደ የኤር ኮንዲሽነርና የፍሪጅ ሞተር ይግላል፤ አትጠቀሙ።

5. ዋናውን ብሬከር አብሩ፣ ሶኬቱን ፈትሹ። መፈተሻዋን ሰክታችሁ መብራቶቿን ከላይዋ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። «ግራውንድ የለም» ካለች እዚያው አቁሙ። አረንጓዴው ሽቦ ብልሽት ሲፈጠር ከረንቱን ወደ ምሰሶው መልሶ ብሬከሩን የሚያስወርደው ነው። እሱ ከሌለ ከረንቱ መንገዱን በውሃው በኩል ይፈልጋል። አዲስ ጀልባ ከሆነ ዋናው ብሬከር አጠገብ የሙከራ ቁልፍ ያለው መከላከያ አለ፤ 30 ሚሊአምፒር ከፈሰሰ በ100 ሚሊሰከንድ ውስጥ ይቆርጣል። በወር አንዴ ቁልፉን ተጭናችሁ መውረዱን አረጋግጡ።

6. ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ አብሩ፤ ከቻርጀሩ ጀምሩ። አንድ በአንድ መሆኑ፣ አንዱ ዋናውን ካስወረደ ጥፋተኛውን ወዲያው ያሳያችኋል። የውሃ ማሞቂያውን ከማብራታችሁ በፊት ሙቅ ውሃውን ክፈቱና ውሃ ሳይቆራረጥ መፍሰሱን እዩ። ባዶ ጋን ውስጥ የበራ ማሞቂያ በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል።

7. ባትሪውን ለኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሚገኘው እዚህ ነው፤ አትዝለሉት። መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና ሁለቱን ዘንጎች በቀጥታ የባትሪው ጫፎች ላይ አስቀምጡ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አይበቃም። መጀመሪያ ቻርጀሩ ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ ለኩ። ብዙ ሰዓት ያረፈ የእርሳስ ባትሪ 12.7 ካነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ካነበበ ግማሽ ገደማ ነው። ከ12 በታች ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሊቲየም ከሆነ ይህ ቁጥር አይሠራም፤ ቻርጀሩም ለሊቲየም የተስተካከለ መሆን አለበት።

ቻርጀሩ ሲበራ የሚያጋጥማችሁ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቁጥሩ ከ13.2 እስከ 14.6 ከወጣ ቻርጅ እየሆነ ነው።

ምንም ካልተነቃነቀ ቻርጀሩ እየሰጠ አይደለም። መጀመሪያ ብሬከሩን እዩ፣ ቀጥሎ የቻርጀሩን መብራት፣ ቀጥሎ ባትሪው አጠገብ ያለውን ፊውዝ። አንዴ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሽቦ ስከተል ቆይቼ፣ ጥፋቱ የተገኘው ጽሑፉ የደበዘዘ አንድ ብሬከር ላይ ነው። ባለቤቱ «ትርፍ ነው» ብሎ አጥፍቶት ነበር። የቻርጀሩ ብሬከር ነው። አሁን የማንኛውንም ሰው ጀልባ ስረግጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

አንዱ ባትሪ 13.6፣ ሌላው 12.1 ካነበበ፣ ቻርጀሩ የተያያዘው ከአንዱ ጋር ብቻ ነው። ብዙ ጀልባ ላይ ለቤት ውስጥ አገልግሎት አንድ፣ ለሞተር ማስነሻ ሌላ ባትሪ አለ። ቻርጀሩ ሁለት መውጫ ወይም በመካከላቸው የሚያገናኝ ሪሌ (በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ከሌለው፣ የሞተሩ ባትሪ ገመዱ ተሰክቶ እያለ ቀስ ብሎ ይሞታል።

ማታ 13.3 ሆኖ ጠዋት 12.3 ካደረ፣ የምትጠቀሙት ቻርጀሩ ከሚሰጠው በልጧል። 10 አምፒር ቻርጀር ላይ ፍሪጅ፣ መብራትና የማሞቂያ ማራገቢያ ተደምረው 12 ቢወስዱ፣ ባትሪው በየሰዓቱ 2 አምፒር ሰዓት ይጎድልበታል።

ጊዜም ስጡት። 200 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹ ካለቀ 100 መመለስ አለበት። 20 አምፒር ቻርጀር በስሌት 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ የእርሳስ ባትሪ መጨረሻው ላይ ቀስ ብሎ ስለሚቀበል በተግባር ከዚያ በደንብ ይረዝማል። ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ሰክቶ «ሞልቷል» ማለት አይቻልም።

8. የኤሲውን ጭነት ደምሩ። ዋቱን ለ120 አካፍሉ፣ አምፒር ታገኛላችሁ። ለረጅም ሰዓት ከ30ው 24ቱን ብቻ ተጠቀሙ። 1500 ዋት የውሃ ማሞቂያ 12.5 ይወስዳል። 1500 ዋት የክፍል ማሞቂያም 12.5። ሁለቱ ብቻቸውን 25 ናቸው። ብሬከሩ ላይወርድ ይችላል፤ ስፒናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይግላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ይዛችሁ የምትመጡ ካላችሁ፣ እሱም እዚህ አገር የሚሸጠው 1500 ዋት አካባቢ ነው። እንጀራ እስክትጨርሱ የውሃ ማሞቂያውን አጥፉት። ከአገር ቤት የመጣ 220 ቮልት ምጣድ ግን ሾር ፓወሩ ላይ በቂ ሙቀት አያወጣም።

9. ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለቱን ስፒናዎች ከውጭ በእጃችሁ ዳብሱ። ለብ ቢል ችግር የለውም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ጭነቱን ቀንሱ፣ አጥፉ፣ ንቀሉ፣ ወደ ቁጥር 2 ተመለሱ።

10. ክላምፕ ሜትሩን በሙሉው ቢጫ ገመድ ዙሪያ አስገቡ። በአንድ ሽቦ ዙሪያ አይደለም፣ ገመዱን እንዳለ። የሄደው ከረንት በዚያው ገመድ ከተመለሰ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል፤ ንባቡም ዜሮ ወይም ጥቂት ሚሊአምፒር ይሆናል። የሄደው 10 አምፒር ሆኖ የተመለሰው 9.97 ከሆነ ግን የጎደለው 30 ሚሊአምፒር በውሃው በኩል እየሄደ ነው። እንዲህ ካያችሁ የምሰሶውን ብሬከር አጥፉና ድጋሚ አንብቡ። ቁጥሩ ከጠፋ ችግሩ የእናንተ ነው። ካልጠፋ ከሌላ ጀልባ በአረንጓዴው ሽቦ በኩል እየመጣ ነውና ለማሪናው በዚያው ቀን ንገሩ።

11. ስትወጡ በተቃራኒው ሂዱ። ቅርንጫፎቹን፣ ዋናውን፣ ከዚያ የምሰሶውን ብሬከር አጥፉ። መጀመሪያ ከምሰሶው፣ መጨረሻ ከጀልባው ንቀሉ።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስህተቶች

ኒውትራልና ግራውንድን ጀልባ ውስጥ ማገናኘት። ይህን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ጎበዝ የቤት ኤሌክትሪሻኖች ናቸው። ቤት ዋናው ሳጥን ውስጥ ሁለቱ መገናኘት አለባቸው፤ ልማዱ ከዚያ ይመጣል። ሾር ፓወር ላይ ያለ ጀልባ ውስጥ ግን የሚገናኙት ዳርቻው ላይ ብቻ ነው። ጀልባው ላይ ካገናኛችኋቸው የሚመለሰው ከረንት ከፊሉ በአረንጓዴው ሽቦ፣ ከፊሉ በውሃው ይሄዳል። ምልክቱ ይህ ነው፦ የትኛውንም ዕቃ ብታበሩ የአዲስ ማሪና ምሰሶ ብሬከር ይወርዳል። ብሬከሩን አትውቀሱት፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

አረንጓዴውን ሽቦ መቁረጥ። አንዳንዱ «ዚንኬን እየበላብኝ ነው» ብሎ ይቆርጠዋል። ዚንኩ በፕሮፔለሩ ፋንታ እንዲበላ ተብሎ የሚታሰር ብረት ነው። እውነት ነው፣ አረንጓዴው ሽቦ የእናንተን ፕሮፔለር ከጎረቤት ጀልባ ብረት ጋር ያገናኛል፤ ውሃው መሃል ገብቶ ሁሉንም አንድ ትልቅ ባትሪ ያደርጋቸዋል፤ ዚንኩም ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው ጋልቫኒክ አይሶሌተር ማስገባት ነው። እሱ ዝቅተኛውን የዲሲ ከረንት ያግዳል፣ አደገኛውን ኤሲ ግን ያሳልፋል። ሽቦውን መቁረጥ የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

የውሃውን ዓይነት ሳያዩ ዚንክ ማሰር። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው። ጨው በሌለው ውሃ ላይ ሽፋን ይሠራና ሥራ ያቆማል፤ ሳያልቅ ስታዩት «ደህና ነው» ትላላችሁ፣ የሚበላው ግን ፕሮፔለሩ ነው። ሌክ ዩኒየን ቆሞ ወደ ጨዋማው የፒውጀት ሳውንድ ባሕር ለሚመላለስ ጀልባ አሉሚኒየም ይሻላል፤ ሁለቱም ውሃ ላይ ይሠራል። ግማሹ ሲበላ ቀይሩት።

የቤት ኤክስቴንሽን መጠቀም። ቀጭን ነው፣ ጫፉ አይቆለፍም፣ ውሃ ይገባዋል። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል።

የባትሪ ማጥፊያውን አጥፍቶ «ሁሉም ጠፍቷል» ማለት። ቻርጀሩና ቢልጅ ፓምፑ ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ነው የሚያያዙት። ማጥፊያው አይነካቸውም። ጀልባውን ለሳምንታት ትታችሁ ስትሄዱ ይህ ይጠቅማችኋል፦ ማጥፊያውን አውርዱ፣ ከኤሲው የቻርጀሩን ብሬከር ብቻ አብርታችሁ ተዉ፣ የውሃ ማሞቂያውንና ሶኬቶቹን አጥፉ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ከሆነ በወር አንዴ ክዳኑን ከፍታችሁ የእርሳሱ ሳህኖች በውሃ መሸፈናቸውን እዩ። የማሪናው መብራት ተቋርጦ ከነበረ ደግሞ አንዳንድ ብሬከሮች ተመልሰው አይበሩም፤ ስትመለሱ መጀመሪያ የቻርጀሩን መብራት ተመልከቱ።